ትልልቅ የሥራ ቢላዎችና ገጀራዎች፦ የትኛው አይሰበርም? የትኛውስ በደንብ ይቆርጣል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይህ ገጽ ቁጥቋጦ ለሚመነጥሩ፣ ማገዶ ለሚያዘጋጁ፣ ጫካ ገብተው ለሚያድሩ ሰዎች ነው። የማወራው ስለታቸው ከ20 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ከባድ መቁረጫዎች ነው፦ ስለ ገጀራ፣ ስለ ኔፓሉ ኩክሪ፣ አሜሪካ ውስጥ ለካምፕ ስለሚሠሩት ወፍራም ቢላዎች። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ቢላ ሲገዛ የብረቱን ስምና ውፍረቱን ያያል። ብረቱ በእሳት እንዴት እንደተያዘና ስለቱ በምን ቅርጽ እንደተሞረደ ግን ብዙም አይጠይቅም። ከታች የምታነቡት አብዛኛው መልስ ወደዚሁ ይመለሳል።

«ጠንካራ ቢላ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምንጠራው፤ ጭቅጭቁም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው ጥጥርነት ነው፤ ብረቱ በሌላ ብረት አለመጫሩ፣ ስለቱ ቶሎ አለመዶልዶሙ። ሁለተኛው አለመጣመም ነው፤ ሲጫኑት ቀጥ ብሎ መቆየቱ። ሦስተኛው ስብራትን መቻል ነው፤ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ሳይሰነጠቅ፣ ሳይሸረፍ ጉልበቱን መዋጡ።

አንደኛውና ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ አይስማሙም። ሞረድን ተመልከቱ። ከአብዛኛው ቢላ በላይ ጥጥር ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከጣላችሁት ግን ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ለትልቅ መቁረጫ የሚፈለገው ሦስተኛው ባሕርይ ነው። ስለቱ ከዶለዶመ ትስሉታላችሁ። ከመሐሉ ከተሰነጠቀ ግን አለቀለት።

ጥጥርነት ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፣ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ስብራትን መቻል የሚለካው ደግሞ ቻርፒ በሚባል ሙከራ ነው። በፔንዱለም የተንጠለጠለ መዶሻ ይለቀቅና ትንሽ የብረት ቁራጭን ይመታል፤ ለመስበር የፈጀው ጉልበት ይመዘገባል። ይህኛው ቁጥር ቢላ ማሸጊያ ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል። ለገዢው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እሱ ነበር።

የሮክዌል ቁጥሩ ስንት ቢሆን ይሻላል?

ለከባድ መቁረጫ ከ54 እስከ 59 ያለው ጥሩ ነው። የጃፓን የወጥ ቤት ቢላዎች 60ን አልፈው ይሄዳሉ፤ እነሱ ግን ሽንኩርትና ዓሣ እንጂ ግንድ አይመቱም። ገጀራ ከሁሉም ይለሰልሳል፣ ብዙዎቹ 50 አካባቢ ናቸው። ይሄ ድክመት አይደለም። ገጀራ ማሳ ላይ በሞረድ የሚሳል ዕቃ ነው፤ ሞረድ እንዲበላው መለስለስ አለበት። ድንጋይ ቢነካ ስለቱ ይታጠፋል እንጂ አይረግፍም።

የትኛው ብረት ነው ምት የሚችለው?

ከርካሹ ልጀምር። 5160 የሚባለው አረብ ብረት ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየሙ 0.8 በመቶ ገደማ ነው። ለመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ነው። ባሌስትራ በየጉድጓዱ እየታጠፈ መመለስ ያለበት ዕቃ ስለሆነ፣ ይህ ብረት ምት በመቻል ከብዙ ውድ ብረቶች ይበልጣል። ለትልቅ መቁረጫ በገንዘብ ልክ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

1095 ካርቦኑ ወደ 0.95 በመቶ ይደርሳል። ስለት አሳምሮ ይይዛል፣ ለመሳልም አያስቸግርም። ምት ላይ ግን ከ5160 ያንሳል። ካ-ባር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው ቤከር ቢኬ9 የሚባል ትልቅ ቢላ ይህንኑ ብረት ነው የሚጠቀመው፤ ትንሽ ክሮሚየምና ቫናዲየም ይጨመርበታል። በአግባቡ ስለተሠራ ለብዙ ሰው ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ከውዶቹ መካከል ስሙ የሚነሳው ሲፒኤም 3ቪ ነው። 0.8 በመቶ ካርቦን፣ 7.5 በመቶ ክሮሚየም፣ 2.75 በመቶ ቫናዲየም አለው። የሚሠራው ቀልጦ በመፍሰስ ብቻ አይደለም። የቀለጠው ብረት በጋዝ ተረጭቶ ደቃቅ ዱቄት ይሆናል፤ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ተመልሶ ይጋገራል። ጥቅሙ ይሄ ነው፦ በብረቱ ውስጥ ያሉት ጥጥር ቅንጣቶች፣ ካርባይድ የሚባሉት፣ ጥቃቅንና በእኩል የተበተኑ ይሆናሉ። ስንጥቅ መነሻ ይፈልጋል፤ ትልቅ ካርባይድ ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው። ዲ2 የሚባለውን ብረት ለከባድ መቁረጫ የማልመክረው ለዚህ ነው። 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ካርባይዶቹ ትልልቅ ናቸው። ለትንሽ የኪስ ቢላ ግሩም ነው፤ ግንድ ላይ ግን ስለቱ ይሸረፋል።

የማይዝግ ብረት ሁሉ ተሰባሪ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ስዊድን ውስጥ ለምላጭ የተፈጠረው ኤኢቢ-ኤል የማይዝግ ሆኖ ሳለ ምት በመቻል ከብዙ ተራ የካርቦን ብረቶች አያንስም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የማይዝጉ ትልልቅ ቢላዎች ግን ከእሱ የተሠሩ አይደሉም። የብረቱን ስም የማይጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ከባሌስትራ የተሠራ የአገር ውስጥ ገጀራ ይታመናል?

ይታመናል፣ ሠሪው ከታመነ። አገራችን ውስጥ ቀጥቃጮች ከአሮጌ ባሌስትራ መቁረጫ የሚሠሩት ሌላ ብረት በማጣት ብቻ አይደለም፤ ብረቱ በእርግጥ ተስማሚ ነው። ኔፓል ውስጥም የኩክሪ ሠሪዎች የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው የሚቀጠቅጡት። እንደውም እነሱ የሚያደርጉትን ማየት ትምህርት ነው። የጋለውን ቢላ ውሃ ውስጥ አይነክሩትም፤ በማንቆርቆሪያ ውሃ ስለቱ ላይ ብቻ ያፈሳሉ። ስለቱ ይጠጥራል፣ ጀርባው ለስላሳ ይቀራል። ስለቱ ይቆርጣል፣ ጀርባው ምቱን ይውጣል። ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚያገኘውን ውጤት በማንቆርቆሪያ ማግኘት ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ ያገለገለ ባሌስትራ ዓመታት ሙሉ ስለተንገላታ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ሲቀጠቀጥ ሊደፈን፣ ሊብስም ይችላል። ከተሰበረ ባሌስትራ የተሠራ ከሆነ እኔ አልገዛም። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሠሪ ብረቱን አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረውና በዚያው ይተወዋል። ያ ቢላ እጅግ ጥጥር፣ እጅግም ተሰባሪ ነው። ከተነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት መሞቅ አለበት። ያኔ ነው ምት የሚችለው። ባለእጁን በአክብሮት «ከነከሩት በኋላ መልሰው ያሞቁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ደስ ይለዋል፣ ቁጭ ብሎም ያስረዳችኋል።

በእጃችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ አዲስ ሞረድ ያዙና ስለቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። ሞረዱ ሳይነካው ከተንሸራተተ ብረቱ ከልክ በላይ ጥጥር ነው። እንደ ቅቤ ከገባበት ደግሞ ጭራሽ አልጠጠረም። ትንሽ እየታገለ ከበላው ልኩ ነው። ከዚያ ጀርባውን ሞክሩ፤ ከስለቱ በቀለለ ሁኔታ ቢበላው እሰየው።

ወፍራም ቢላ አይሻልም እንዴ?

ላለመጣመም ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን አለመጣመሙ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ግን ወፍራም ቢላ እንጨት ውስጥ ለመግባት እንጨቱን ወደ ጎን መግፋት አለበት። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢላ በደንብ ካልተሞረደ ከመቁረጥ ይልቅ ይደበድባል። ውፍረቱ ስለቱን ከመሸረፍ አያድነውም፤ ሽራፊው የሚነሳው ከጠርዙ አንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ውፍረትና የስለቱ ማዕዘን ናቸው ወሳኞቹ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ በደንብ እንዲቆርጥ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ፍጥነትን ብዙ ሰው ይረሳል። የቢላው ክብደት እጥፍ ቢሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ረጅም ገጀራ ሸንኮራውን፣ የበቆሎ አገዳውን፣ ለምለም ቅርንጫፉን በአንድ ምት የሚጥለው። ጫፉ በፍጥነት ይመጣል፣ ቀጭን ስለሆነ ያልፋል። ይኸው ገጀራ ደረቅ ወይራ ላይ ሲያርፍ ግን ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ያማል፣ ምቱም ይባክናል። ለደረቅ እንጨት ክብደት ያስፈልጋል።

ሚዛኑም አለ። ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ቢላዎች አንዱ ክብደቱ እጀታው ላይ፣ ሌላው ወደ ጫፉ ከሆነ፣ ሁለተኛው ይቆርጣል፣ የመጀመሪያው ያደክማል። ኩክሪ ሆዱ የሰፋው፣ ወገቡም ወደ ፊት የጎበጠው ለዚህ ነው፦ ክብደቱ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይከማቻል። ጉብጠቱ ስለቱ እንጨቱን በሰያፍ እንዲያገኘው ያደርጋል፣ እጅም ሳይጠማዘዝ ይቀራል። ቢኬ9 በአንጻሩ ስለቱ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ቢላ ነው። ግንድ ላይ ጥሩ ኩክሪን አይደርስበትም። ግን ሥጋም ይከትፋል፣ እንጨትም ይጠርባል፤ ኩክሪ እነዚህ ላይ ይከብዳል።

ከሁሉም በላይ የማየው ግን የስለቱን ጎን ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ በጥልቀት ይገባል፣ ግን ይቀረቀራል። እያንዳንዱን ምት ለማውጣት እየታገላችሁ ጉልበታችሁ ያልቃል። ጎኑ በትንሹ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ከሆነ እንጨቱን ወደ ጎን እየከፈለ ይገባል፣ ሳይያዝም ይወጣል። ጥሩ መጥረቢያ ጉንጩ ላይ ያለው ቅርጽ ይኸው ነው። ማዕዘኑ ለደረቅ እንጨት በእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ ለቁጥቋጦና ለለምለም ተክል ከዚያ ቀጠን ብሎ ቢሳል ይመከራል።

ጉልበቴን ሁሉ አውጥቼም አይቆርጥልኝም፤ ቢላው ነው ችግሩ?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። እንጨትን ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች መምታት ክሮቹን ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። በሰያፍ፣ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ምቱ። የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይከፈታል፣ ፍቅፋቂው በራሱ ይዘላል። የጉድጓዱ አፍ ስፋት ከእንጨቱ ውፍረት ጋር ይቀራረብ። ጠባብ ከጀመራችሁት መሐል ላይ ትጣበቃላችሁ። እጀታውን በትንሽ ጣታችሁና በቀለበት ጣታችሁ አጥብቃችሁ፣ በሌሎቹ ላላ አድርጋችሁ ያዙ። እግራችሁን ከምቱ መስመር አውጡ፤ ተንበርክካችሁ ከሆነ ቢላው ቢስት እንኳ መሬት እንዲያገኝ አድርጉ።

ሁለት ቢላዎችን በቤቴ እንዴት ላወዳድር?

ሁለቱንም ራሳችሁ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ሳሏቸው። ከፋብሪካ የመጣውን ስለት ማወዳደር ሳዪዎቹን እንጂ ቢላዎቹን አያወዳድርም። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት እንጨት ያዙ። ለምሳሌ አንድ ወጥ ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አጣና። እርጥቡና ደረቁ በጣም ስለሚለያዩ ከአንዱ አጣና ላይ ጎን ለጎን ምቱ። በሃያ ምት የገባውን ጥልቀት ለኩ። ሁለተኛውን ቢላ ሁልጊዜ ደክሟችሁ እንዳትሞክሩት ተራውን እያቀያየራችሁ ደጋግሙ።

ዋናው ምርመራ ግን ከመቁረጡ በኋላ ነው። ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አምፖል ስር ወይም ፀሐይ ላይ ያዙ፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ በዓይናችሁ ተከተሉት። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር መስመር ነው። ያበራ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ስለቱ ተበላሽቷል። አሁን በጥፍራችሁ ከጎን ወደ ጠርዙ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጥፍሩን በአንድ ወገን የሚይዝ ነገር ካለ ስለቱ ታጥፏል። ማዕዘኑ ቀጥኗል ወይም ብረቱ ለስልሷል ማለት ነው። የጥርስ ምልክት የመሰለ ክፍተት ካገኛችሁ ደግሞ ተሸርፏል፤ ብረቱ ለዚያ ማዕዘን ከልክ በላይ ጥጥር ነው። ሁለቱም ላይ መጀመሪያ የምትሞክሩት ማዕዘኑን ጥቂት ዲግሪ ማስፋት ነው። ከዚያም ከቀጠለ ችግሩ ከብረቱ ነው።

በቪዲዮ ኮንክሪት ሲመቱበት፣ 90 ዲግሪ ሲያጥፉት የሚታዩት ቢላዎችስ?

ሁለቱን ለዩ። የማጠፉ ሙከራ ታሪክ አለው። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አባሉን ለማዕረግ ሲፈትን የሚጠይቀው አራት ነገር ነው። የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ሁለት በአራት የሚባለውን የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ መጉመድ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ስለት የክንድ ፀጉር መላጨት፣ በመጨረሻም ቢላውን ሞርሳ ላይ አስሮ 90 ዲግሪ ሳይሰበር ማጠፍ። የሚፈተነው ሰውየው ነው፦ በአንድ ብረት ላይ ጥጥር ስለትና ለስላሳ ጀርባ ማውጣት ይችላል ወይ? የምትገዙት ቢላ 90 ዲግሪ ባይታጠፍ ምንም ጉድለት የለበትም።

ኮንክሪቱ ግን ምንም አይነግራችሁም። የትኛውም ስለት ኮንክሪት ላይ ይጠፋል። ከዚያ የሚተርፈው ወፍራምና ደነዝ የሆነው ነው፤ ያ ደግሞ እንጨት ላይ የሚያሳፍር ነው።

እኔ ይበልጥ የማምነው የቢላ ውድድሮችን ነው። አሜሪካ ውስጥ ብሌድስፖርትስ የሚባለው ውድድር የስለቱን ርዝመት በ10 ኢንች ይገድባል። ተወዳዳሪው በአንድ ቢላ የግንባታ እንጨት ይጎምዳል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ዞሮ ደግሞ የመጠጫ ስትሮ ሳይጨፈልቅ ይቀነጥሳል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ሲፒኤም ኤም4 ምት በመቻል ከ5160 ያነሰ ብረት ነው። ግን በጥንቃቄ የተሞረደ ስለትና የሰለጠነ እጅ ስላለ ይቋቋማል።

አጥንት ይቆርጥበታል?

የዶሮና የበግ ጎድን፣ አዎ። የበሬ ቅልጥም ግን ለመጥረቢያ ነው። ለቅርጫ የተሰበሰበ ሰው በቀጭን ገጀራ ትልቅ አጥንት ሲደበድብ ስለቱ ሲታጠፍ፣ የአጥንቱ ስንጥርም ሥጋው ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። በገጀራው መገጣጠሚያውን ፈልጋችሁ ክፈቱት፤ መገጣጠሚያ ላይ ጉልበት አያስፈልግም።

ቢላውን እንጨቱ ላይ አድርጎ ጀርባውን በዱላ እየመቱ መፍለጥ ያበላሸዋል?

እንደ ሽብልቅ መጠቀሙ ለወፍራም ቢላ ችግር የለውም። መምቻው እንጨት ይሁን፣ መዶሻ በፍጹም አይሁን። ጉጥ ካለበት ተዉት። ቢላ እዚህ ሥራ ላይ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ከእጀታው መግቢያ ላይ ነው። ስለቱ አልቆ እጀታው ውስጥ የሚገባው ብረት የሚጀምርበት ቦታ ሹል ማዕዘን ካለው፣ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳል። ስትገዙ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚዘልቅ መሆኑን፣ መታጠፊያውም ክብ መሆኑን አረጋግጡ። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለበትን አትውሰዱ፤ እያንዳንዱ ጥርስ የስንጥቅ መነሻ ነው፣ መጋዙም አይቆርጥም።

በግራይንደር ባስለው ምን ይሆናል?

ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል። እዚያ ቦታ ላይ ጥጥርነቱ ወርዷል፣ ከእንግዲህ ስለት አይዝም። በበዓል ሰሞን በእግር በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስሉት ልጆች ይህን ጉዳት የሚያደርሱት አልፎ አልፎ ነው፣ ድንጋዩ ዝግ ብሎ ስለሚዞር። በኤሌክትሪክ የምታስሉ ከሆነ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይሁን፤ ብረቱ ጣት ማቃጠል ሲጀምር ንከሩት። ለገጀራ ግን ሞረድ ይበቃል፤ ከእጀታው ወደ ጫፉ፣ በአንድ አቅጣጫ።

ብርድ አገር ነው የምኖረው፤ ልዩነት አለው?

አለው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስብራትን መቻሉ ይቀንሳል፤ የቀዘቀዘ እንጨትም ይጠጥራል። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን በክረምት የምትቆርጡ ከሆነ ቢላውን ኮታችሁ ስር ትንሽ አሙቁት፣ የመጀመሪያዎቹን ምቶችም አለዝቧቸው።

በሕግ ይፈቀዳል?

እንደየአገሩ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የዞምቢ ዓይነት» የሚባሉት ቢላዎችና ገጀራዎች በቤት ማስቀመጥ እንኳ ተከልክሏል። ተራ የእርሻ ገጀራ በዚህ ክልከላ ላይገባ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መውጣት ግን እዚያ በሌላ ሕግ ያስከስሳል። ከማዘዛችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ አንብቡ። የትም ብትሆኑ ግን መኪና ውስጥም፣ ቤት ውስጥም ሰገባው ውስጥ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

የካርቦን ብረቱ እየዛገ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

ከሥራ በኋላ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ስስ ዘይት ቀቡት፤ ምግብ የሚነካ ከሆነ የምግብ ዘይት ይሁን። የባሕር ዛፍና የሸንኮራ ጭማቂ እላዩ ላይ እንዲያድር አታድርጉ። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ከቆዳ ሰገባው አውጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረቱን ይበላል። በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሰገባው ጎን አስቀምጡት።